ንጹሕ መብራት ለንጹሕ ጆሮ

ቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ ማዳመጥ የሚወድ ሰው ከዲጂታል ወደ አናሎግ መለወጫው፣ በተለምዶ «ዳክ» ከሚባለው መሣሪያ፣ የሚቻለውን ምርጥ ድምፅ እንዴት እንደሚያገኝ አዋቂ ነን ባዮችን በጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው ምክር ሊደነቅ የሚገባው ነው፤ መካሪዎቹ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ስፒከሩም ሆነ ስለ ክፍሉ አንዲት ቃል ሳያባክኑ በቀጥታ ወደ ገመዱ ይሄዳሉና። ለዚህ ሥርዓት ያደሩት የድምፅ ጥራት ምእመናን ትዕግሥታቸው ረጅም፣ እምነታቸው ጽኑ፣ ኪሳቸውም ክፍት በመሆኑ፣ ተግባራቸው ከመዘባበቻነት ወጥቶ እንደ አንድ ሙሉ የዕውቀት ዘርፍ ተገቢው ክብር ሊሰጠው ይገባል።

ለክብሩ መሠረት እንዲሆን አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዳክ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ውስጥ በቁጥር ተመዝግቦ የተቀመጠን ድምፅ እየተቀበለ፣ አምፕሊፋየር አጉልቶ ስፒከሩን ወደሚያንቀሳቅስበት ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ የሚመልስ ትንሽ ሣጥን ነው። ፊሊፕስና ሶኒ ተስማምተውበት እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ በቀረበው ሲዲ ላይ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬትም ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ይመዘገባል። በልኬቶቹ መካከል የጠፋ ነገር አለ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ መልስ ሰጥቶበታል፦ አንድ ሞገድ በውስጡ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ከእጥፍ በላይ እስከተለካ ድረስ፣ በልኬቶቹ መካከል ያለው ሁሉ ሳይጎድል ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። የሰው ጆሮ በልጅነቱ እንኳ ከ20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ20,000 ንዝረት፣ ብዙም አያልፍም፤ ባለቤቱ ውድ ዳክ የሚገዛበትን ገንዘብ አጠራቅሞ በሚጨርስበት ዕድሜ ላይ ደግሞ ከዚያም ብዙ ወርዷል። አፕል በ9 ዶላር የሚሸጠው፣ ማዳመጫን ከስልክ ጋር የሚያገናኘው ቁራጭ ገመድ እንኳ በውስጡ ሙሉ ዳክ የያዘ ሲሆን፣ በድምፁ ላይ የሚጨምረው ብክለት በተለመደ አደማመጥ ጆሮ ሊለየው ከሚችለው በታች ነው። ይህ መርዶ ግን ለምእመን አይነገርም፤ ችግርህ በ9 ዶላር ተፈትቷል የተባለ ሰው የቀረውን ገንዘቡን የት ያድርሰው?

ከምስጋናው የመጀመሪያው ድርሻ የዩኤስቢ ገመድ ነው። በዚህ ገመድ የሚያልፈው ቁጥር መሆኑ፣ ቁጥርም ወይ እንዳለ የሚደርስ ወይ የሚሳሳት መሆኑ፣ ሲሳሳትም መንጣጣት ወይም መቆራረጥ ሆኖ የሚሰማ መሆኑ ቢታወቅም፣ ምእመኑ በብር ሽቦ የተጎነጎነው ገመድ የዘፋኙን ድምፅ እንዳሞቀለት፣ የክራሩንም ጅማት እንዳጠራለት ይመሰክራል። በዚያው ገመድ ወደ ማተሚያ የተላከ የቤት ኪራይ ውል ኪራዩ ቀንሶ ታትሞ ቢወጣ ኖሮ ምስክርነቱ ይበልጥ አሳማኝ በሆነ ነበር። ሌላው የተፈራ ጠላት «ጂተር» የሚባለው፣ ልኬቶቹ ወደ ቮልቴጅ የሚለወጡበት ቅጽበት በጥቂት በጥቂቱ መዛነፍ ነው፤ ነገር ግን የዛሬዎቹ ዳኮች አብዛኞቹ ቁጥሩን ከኮምፒዩተሩ እየጠሩ የሚቀበሉትና ጊዜውን የሚጠብቁት በራሳቸው የኳርትዝ ክሪስታል ስለሆነ፣ ገመዱ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጠየቀው ነገር የለም።

የምርምሩ ጥልቀት የሚታየው ግን ወደ መብራቱ ሲመጣ ነው። ዳኩ ከግድግዳ የመጣውን መብራት ወደ ጥቂት ቮልት ዝቅ አድርጎ የሚያቀናና የሚያጣራ ክፍል በውስጡ እንዳለው፣ ብዙዎቹም በዩኤስቢ በኩል 5 ቮልት ብቻ ተቀብለው እንደሚሠሩ ወደ ጎን ትቶ፣ ምእመኑ ከሶኬቱ እስከ መሣሪያው ላለችው ለሜትር ተኩል ርቀት በሺዎች ዶላር የሚቆጠር፣ ውፍረቱ የሕፃን ክንድ የሚያህል ገመድ ይገዛል። ከሶኬቱ በስተጀርባ ተራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በግድግዳው ውስጥ የቀበረው ሽቦ፣ ከሽቦው ወዲያ ቆጣሪው፣ ከቆጣሪው ወዲያ ምሰሶው፣ ከምሰሶውም ባሻገር ዝናብና ወፍ የሚፈራረቁበት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የተዘረጋ አልሙኒየም እንዳለ የሚያውቅ አስተዋይ ሰው በመጨረሻዋ ሜትር ተኩል ረክቶ ሊቀመጥ አይገባውም፤ ትምህርቱ እውነት ከሆነ ወደ ኋላ መሄድ ግዴታ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ወደ ኋላ የሄዱም አሉ። ዎል ስትሪት ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2016 እንደዘገበው፣ በጃፓን አንዳንድ የድምፅ አፍቃሪዎች ከጎረቤት ጋር መብራት መጋራት ሙዚቃውን ያቆሽሻል በማለት በግቢያቸው የግል የመብራት ምሰሶ ከነትራንስፎርመሩ ያስተክላሉ፤ አንድ የቶኪዮ ነዋሪ ለዚሁ 10,000 ዶላር ያህል አውጥቷል። ሰውየው ምሰሶ በማስተከሉ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ምሰሶው ላይ በመቆሙ ነው። ምሰሶው የጎረቤትን ማቀዝቀዣ ቢከላከልም፣ ከምሰሶው በላይ ያለውን መስመር ከመላው ከተማ ጋር መጋራቱ ስለማይቀር፣ ቀጥሎ የግል ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከዚያም የግል የከፍተኛ ኃይል መስመር ያስፈልገዋል። በዚያች አገር ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና ተጨምሯል፦ ቶኪዮ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጄነሬተሮቿን ከጀርመን፣ ኦሳካ ደግሞ ከአሜሪካ በማስመጣታቸው፣ እስከ ዛሬ የምሥራቁ መብራት 50 ኸርዝ፣ የምዕራቡ 60 ኸርዝ ሲሆን፣ ወሰኑ የፉጂ ወንዝ ነው። ቫዮሊን በ60 ኸርዝ መብራት የተሻለ ይተነፍሳል ብሎ የሚያምን አዳማጭ ወንዙን ተሻግሮ ቤት መከራየት፣ ባስ ጊታር ያማረው ዕለት ደግሞ ዳኩን ታቅፎ በባቡር መመለስ ይኖርበታል።

መስመሩ ከጠራ በኋላ የሚቀረው ምንጩ ነው፤ በዚህ ረገድ ኢትዮጵያዊው ምእመን ከማንም ይልቅ የታደለ ነው። የአገሪቱ መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ፣ የከሰል ጥላሸት በሳክስፎኑ ድምፅ ላይ ያርፋል የሚል ሥጋት የለም። ይሁን እንጂ ውኃ ሁሉ አንድ አይደለምና፣ የተከዜ፣ የኦሞና የዓባይ መብራት በአንድ መስመር ተደበላልቆ ቤት መግባቱ በጆሮ ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው። በተከዜ ሸለቆ 188 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ ቁልቁል የሚወረወረው ውኃ ለማሲንቆ የሚሆን ስል መብራት እንደሚሰጥ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት የቆላውን ሙቀት ይዞ ለከበሮ እንደሚስማማ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚደርሰው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከሙሉ ኦርኬስትራ በታች ለሆነ ነገር ቢውል ብክነት እንደሚሆን በወጉ ተጠንቶ፣ አዳማጩ እንደ ዘፈኑ ዓይነት ወንዝ የሚመርጥበት ቁልፍ በየቆጣሪው ላይ ሊገጠም ይገባል። በክረምት ዓባይ ስለሚደፈርስ፣ ደለሉ በዘፋኙ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀመጥ ከሐምሌ እስከ መስከረም ለስላሳ ዘፈኖችን ከተከዜ ብቻ ማዳመጥ ይመከራል። ውኃው በተርባይኑ በግራ ገብቶ በቀኝ ሲወጣ የስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ይለዋወጥ እንደሆነም ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ደግሞ ዳኩ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ እድፍ ፍጹም ነጻ ሆኖ ይቆያል፤ የቶኪዮው ሰው በ10,000 ዶላር ያላገኘው ይህ ንጽሕና ለአዲስ አበባ ሰው አልፎ አልፎ በነጻ ይታደላል።

የቀሩትን ሥርዓቶች በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። ገመዱ ወለል እንዳይነካ ከፍ አድርገው የሚይዙ የሸክላ መቆሚያዎች ይሸጣሉ። አዲስ ገመድ ደግሞ እስኪሟሽ ድረስ 300 ሰዓት ያህል እንዲጫወት ይመከራል፤ በቀን 2 ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ 5 ወር በመሆኑ፣ ዕቃ መልሶ ገንዘብ ለመቀበል ብዙ ሻጮች የሚፈቅዱት 30 ቀን ጆሮው ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ያልቃል፤ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነገር መሆን አለበት።

ክርክሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ መቋጨት ይቻል ነበር። ስውር ፈተና የሚባለው ዘዴ፣ አዳማጩ የትኛው መሣሪያ ወይም ገመድ እንደሚጫወት ሳይነገረው፣ የሁለቱም ድምፅ መጠን በመለኪያ እኩል ተደርጎ፣ በጆሮው ብቻ እንዲለይ የሚጠየቅበት ነው፤ መጠኑ እኩል መደረጉ ግድ የሚሆነው ከአንድ ዴሲቤል ያነሰ ልዩነት እንኳ ለአዳማጩ መጉላት ሳይሆን መጥራት መስሎ ስለሚሰማ ነው። ሜየርና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሲዲ በላይ ጥራት አላቸው ተብለው የተሸጡ ቅጂዎችን በቀጥታና በሲዲ ልክ ተገድበው ሲያሰሙ፣ አዳማጮቹ ከ554 ሙከራዎች የለዩት 276ቱን ነበር፤ ሳንቲም የጣለ ሰውም ከዚህ አያንስም። ጆሹዋ ሪስ እ.ኤ.አ. በ2016 የ18 ጥናቶችን ውጤት ደምሮ 52.3 በመቶ ትክክለኛ መልስ ማግኘቱን ምእመናን በኩራት ይጠቅሳሉ፤ እርሱ የለካው የቅጂ ጥራትን እንጂ ገመድን አለመሆኑን ግን አይጠቅሱም። ስውር ፈተና ይደረግ ሲባሉ ደግሞ ፈተና ጆሮን ያስጨንቃል፣ የተጨነቀ ጆሮም አይሰማም ይላሉ፤ ትናንት ማታ ከወጥ ቤት ሆነው እንኳ ልዩነቱ በግልጽ ተሰማ ያሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ይህ ጨዋታ መቆም አለበት። ያልተበላሸ የዩኤስቢ ገመድ ካልተበላሸ ሌላ የዩኤስቢ ገመድ የሚለየው በዋጋው ነው፤ ይህን እያወቀ ለጀማሪ በውድ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ ሳይሆን አጭበርባሪ ነው።

መደረግ ያለበት ነገር ስለሌለ አይደለም። ከስፒከሩ የማያቋርጥ እምምታ የሚሰማ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኮምፒዩተሩና አምፕሊፋየሩ በተለያዩ ሶኬቶች የመሬት ሽቦ በኩል ዙሪያውን መገናኘታቸው በመሆኑ፣ ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብቻውን ሊያስወግደው ይችላል። ኮምፒዩተሩ በ44,100 የተቀዳውን ሳያስፈልግ ወደ 48,000 እንዳይለውጠው ማስተካከል የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ትልቁ ጉዳይ ግን ክፍሉ ነው፦ የደህና ዳኮች ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዴሲቤል ክፍልፋይ በማይበልጥበት፣ ግድግዳዎቹ ወፍራሙን ድምፅ አንዱን በ10 ዴሲቤል አጉልተው ሌላውን በዚያው ልክ ይውጡታል። የምእመኑ ሳሎን ግን ወለሉ ሴራሚክ፣ አንድ ወገኑ መስተዋት፣ ስፒከሮቹም አንዱ በቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ መካከል፣ ሁለተኛው ከሶፋው ጀርባ ጥግ ላይ ናቸው፤ ባሱ ሲመታ ብርጭቆዎቹ አብረው ይዘፍናሉ። ስፒከሩን ከጥጉ ማውጣትና መጋረጃ መስቀል ገንዘብ ስለማያስወጣ ወይም ጥቂት ብቻ ስለሚያስወጣ፣ ለሊቃውንት የሚመጥን ምክር ሆኖ አልተገኘም።

በዚህ ሁሉ ድካም መጨረሻ የሚደመጠውም ቢሆን ሊታይ ይገባዋል። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ምእመን ከሚወዳቸው የቆዩ ዘፈኖች ብዙዎቹ ለሕዝብ የደረሱት በካሴት ነው፤ ካሴት ደግሞ ማጣሪያ ካልተጨመረበት በዘፈኑና በክሩ ሹክሹክታ መካከል ያለው ርቀት ከ50 ዴሲቤል እምብዛም አይዘልም፣ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥርም እየጠበበ ይሄዳል። የምእመኑ ዳክ 120 ዴሲቤል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲገለበጥ የኖረውን የካሴት ሹክሹክታ አንዲት እንኳ ሳያጎድል፣ በሰላሳ ዓመት ውስጥ ማንም ባልሰማው ጥራት ያሰማዋል፤ እርሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ መብራቱ አሁንም እንዳልጠራ ይደመድምና ሁለተኛውን ገመድ ያዝዛል።