ስሙ መብረቅ

ውሻዬን መብረቅ ያልኩት ፒት ቡል ስለሆነ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ መንጋጋው የሚያስደነግጥ። ዴንቨር ላይ ሐምሌ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ማጉረምረም ይጀምራል። ያን ጊዜ መብረቅ መብረቅ ፈርቶ አልጋ ሥር ይገባል። የሚገባው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ሰውነቱ ውጭ ተጋድሞ እሱ የተደበቀ ይመስለዋል።

የሐበሻ እንግዳ ደግሞ እሱን ይፈራል። ደጅ ቆሞ «እሰረው!» ሳይል አይገባም። አዲስ አበባ ሳለን «ኃይለኛ ውሻ አለ» ከሚለው በር ጀርባ የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ የወጣ ቡቺ ነበር። አሁን ኃይለኛነቱን መንግሥት የመሰከረለት ውሻ አለኝ፤ ጽሑፉን ብሰቅል ግን ፖስተኛው ይስቅብኛል። ሆዱን የሚያክለት እሱ ነው።

መንግሥት ያልኩት የምሬን ነው። ዴንቨር ፒት ቡልን እ.ኤ.አ. በ1989 ከልክላ ከ30 ዓመት በላይ ቆይታለች። እገዳውን ያነሣው በ2020 የሕዝብ ድምፅ ነው፤ ያም ቢሆን ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለሙያ መልኩን ይመረምራል፤ ክትባቱ፣ ከቆዳው ሥር የሚቀበረው ማይክሮቺፕ፣ መኮላሸቱ ይጣራል። በዚያ ላይ ሁለት የአደጋ ጊዜ ተጠሪ። እኔ ሥራ ስቀጠር የተጠየቅሁት አንድ ነው። የጽዋ ማኅበርተኛዬን ብለምነው «ለሰው ዋስ ሆኜ የደረሰብኝ መች አነሰኝና ለውሻ?» አለኝ።

ስለ ፒት ቡል ጠላቱም ወዳጁም ይዋሻል። ጠላቱ «አንዴ ከነከሰ መንጋጋው ይቆለፋል» ይላል፤ መንጋጋው ውስጥ ግን ቁልፍ የለም። እኛ ባለቤቶቹ ደግሞ «ድሮ እንግሊዝ አገር የሕፃናት ሞግዚት ነበር» እንላለን። ቅድመ አያቶቹ ግን በሬ ላይ የሚለቀቁ ነበሩ፤ በ1835 ያ ጨዋታ በሕግ ሲከለከል ሰዎቹ ውሻን ከውሻ ማዋጋቱን ተያያዙት። ሞግዚትነቱን ያወረስነው እኛው ነን። ስንገናኝ እናስቃለን፦ ሁላችንም «የኔ እኮ ዝንብ አይነካም» እንባባላለን፣ ሁላችንም ማሰሪያውን በሁለት እጃችን ጨብጠናል።

እናቴ ከጎንደር በቪዲዮ ስትደውል መጀመሪያ የሚታያት ሶፋው ላይ የተንጋለለው መብረቅ ነው። በዐቢይ ጾም እኔ ሽሮዬን ስበላ ለእሱ ዶሮ ስቀቅል አየችኝና «አንተ ሁዳዴ፣ እሱ ፋሲካ!» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ማግስቱን ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ግን ስለ እሱ ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ስትመጡ ደጅ ቆማችሁ «እሰረው» አትበሉኝ። ጥቁር ልብስም አትልበሱ፤ ነጭ ፀጉሩ ይጣበቅባችኋል። ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ግን ቀደም ብላችሁ ደውሉልኝ፤ አስረዋለሁ።