የንቲንዳ ደጅ ጠኚ

በር ማየት የሚወድ ሰው ሐረር ይሂድ ይባላል። ልክ ነው። አምስቱ ጥንታዊ የጁገል ግንብ በሮች አሉ፤ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ደግሞ የህንድ ነጋዴዎች ያስፈለፈሏቸው፣ አበባና ሐረግ የሚሳብባቸው ሳንቃዎች። እኔን ግን እንጀራ ያወጣኝ ካምፓላ፣ ንቲንዳ ነውና፣ ባለሁበት በር አያለሁ።

ንቲንዳ ላይ ቤት አይታይም። የሚታየው ግንብ ነው፤ ከግንቡ በላይ እሾሃማ ሽቦ፣ ከሽቦው በላይ የሰው ማንጎ። ስለዚህ የባለቤቱ ኩራት በሙሉ ውጭ ወጥቶ የግቢው በር ላይ ተበይዷል። ጦር የመሰለ ሹል፣ ፀሐይ፣ አንበሳ፣ የወርቅ ቀለም የተቀባ ጽጌረዳ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ካምፓላ ተኩስ እየሰማች ታድር ነበር፤ እንደ እኔ ግምት ሰው ያኔ የለመደውን ብረት ሰላም ሲሆን ከማውለቅ ይልቅ ማስጌጥ ቀለለው።

ነገሥታቱ እንዲህ አልፈሩም። ካሱቢ፣ አራት የቡጋንዳ ካባካዎች በተቀበሩበት ስፍራ፣ ቡጃቡኩላ የሚባለው የመግቢያ ቤት በእንጨትና በሸንበቆ የቆመ፣ በሣር የተከደነ ነው። የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የሰፈረ ግቢ በሸንበቆ ሲገባ፣ የንቲንዳው ሞባይል ነጋዴ አንዲት አሮጌ ቶዮታ የምታድርበትን ግቢ ታንክ በማይበግረው ላሜራ ዘግቶታል።

ሚኒስተርስ ቪሌጅ ወደሚባለው ክፍል ስሻገር ነገሩ ይለወጣል። እዚያ በሩ ሰፊ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ጌጥ የለውም። ትልቅ ሰው በሩ ላይ አንበሳ አይለጥፍም፤ አንበሳው ውስጥ መሆኑን ይተማመናል መሰለኝ። የኡጋንዳን ተማሪ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳው የብሔራዊ ፈተናዎች ቦርድም እዚሁ ንቲንዳ ነው። በእሱ ደጅ ተዝናንቼ የማልፈው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ችግሩ የጥበቃ ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ደጅ የሚጠና ሰው ጉዳይ አለው፦ ሹመት፣ ፊርማ፣ ካልሆነም ያልተከፈለ ብድር። ጉዳይ የሌለው ደጅ ጠኚ ግን ሌባ ነው ወይ እብድ ነው። ባለፈው አንዱ በር ላይ የተበየደች ወፍ ገትራ ያዘችኝ። ጥበቃው ጠመንጃውን አንገቱ ላይ አስተካክሎ በትንሿ በር ብቅ አለ።

«ማንን ፈልገው ነው፣ ሴቦ?»

«ማንንም። በሩን እያየሁ ነው።»

«አዩት?»

«አየሁት።»

«ታዲያስ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝምና ወደ ወፏ ዞርኩ። «ይቺ ዶሮ ቆንጆ ናት» አልኩት።

ተቆጣ። «ዶሮ! ባንዲራችን ላይ ያለችው ወፍ ናት እንጂ!»

«የባንዲራዋማ አንድ እግሯን ታነሳለች። ይቺ በሁለቱም ቆማለች።»

ዞሮ አያት። ቀን ከሌት ሲጠብቃት እግሯን ቆጥሮ እንደማያውቅ ፊቱ ተናገረ። ጎንበስ ብሎ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰና አጉረመረመ፤ በያጁ ሰነፍ መሆኑን፣ ብረት እንደሆነ ካትዌ ወርዶ ማሠራት እንደነበር፣ ባለቤቱ ርካሽ ሲሉት እንደሚወድ ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በር ከወደዱ ከዚህ ሦስተኛውን ግቢ ይዩ። አንበሳው ጥፍር ሁሉ አለው። ውሻ ስላለ ግን ከመንገዱ ማዶ ይቁሙ።»

እውነቱን ነው፤ ጥፍር አለው። ምላስም አለው፣ ቀይ የተቀባ። ከማዶ ሆኜ ስቆጥር የዚያኛው ግቢ ጥበቃ ወጣ።

«ማን ላከዎት?»

«የወፏ ጥበቃ።»

«እሱማ» አለ፣ «ድሮም በአንበሳችን ይቀናል።»