«ሲሚንቶው ተበልቷል!»

ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣ አባዱላ ውስጥ የመንገድ ወሬ ማንሳት ጥሩ አይደለም። ሰሞኑን አንስቼው ተጸጸትኩ። መዋጮ ከፍለን፣ ኮሚቴ አቁመን ያስነጠፍናት የሰፈራችን የኮንክሪት መንገድ ሁለት ክረምት ሳትሻገር ጥግ ጥጓ ተሰባበረ ብል፣ ተሳፋሪው ባንድ አፍ «ሲሚንቶው ተበልቷል!» አለ። ሾፌሩም «ጋሼ፣ ሙገርም ደንጎቴም እዚሁ ምዕራብ ሸዋ እያሉ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም እንደዚያ እያልኩ ስንቱን አምቻለሁ። ኋላ አንዱ ንጣፍ ሲነሳ ቆሜ አየሁ። ኮንክሪቱ መዶሻ አይበግረውም። ከሥሩ ግን ባዶ ነው፤ እጅ ያስገባል።

ውሃ በንጣፎቹ መጋጠሚያ ይሰርጋል። ሲኖ ባለፈ ቁጥር ንጣፉ ውሃውን ይጨምቀዋል፤ ውሃው ደቃቁን አፈር ይዞ በመጋጠሚያው ፊን ብሎ ይወጣል። ክረምቱን ሙሉ ከጫማችን ስንጠርገው የከረምነው ጭቃ ለካ የመንገዱ መሠረት ኖሯል! አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 መኪና እያመላለሱ ሲፈትኑ፣ የኮንክሪት መንገዶቹ ሲሰበሩ ያዩት ይህንኑ ከሥር መታጠብ ነው። እኛ ዛሬም ከረጢት እንቆጥራለን።

ደግሞ ኮቲቻው አለ። ጊንጪ ላይ ጤፍ ሲያበቅል እሰየው የሚያሰኝ አፈር፣ መንገድ ሥር ሲገባ ጠላት ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ሰለክት የሚሉት የተመረጠ አፈር በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ በሮሎ መጠቅጠቅ ነበረበት። ኮንክሪት ጭነቱን በሰፊው ስለሚያከፋፍል ከሥሩ የግድ ዓለት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ወጥ የሆነና የማይታጠብ መደብ ነው። የወንጪን ዳገት ስትወጡ በመስኮት እዩት፦ ባንድ ወገን ተራራው ተቆርጧል፣ በሌላው አፈር ተሞልቷል። ሙሊቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ግማሹ ይሰምጣል፣ ግማሹ ይቀራል፤ ንጣፉም መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል።

እኛ ሰፈር ሰለክቱ ባንድ ቀን ተገልብጦ፣ በአካፋ ተዳምጦ፣ ሮሎው አንዴ ሄዶ አንዴ ተመለሰና አበቃ። ያን ዕለት የኮሚቴ አባል ብቅ አላለም። ሲሚንቶው ሲራገፍ ግን ሁላችንም ነበርን፤ ማታም ዘበኛ ቀጥረንለታል።

አሁን ደግሞ ስንጥቁን በሲሚንቶ ለመለሰን አዲስ መዋጮ ተጠርቷል። እከፍላለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። ግን እባካችሁ ኮሚቴዎች፣ ከልስኑ በፊት የውሃ መውረጃ ቦዩን አስቆፍሩ።