ስለ ገባች ማመልከቻ ክብር

የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ በአባሪነት የያዘች የተግባር ልምምድ ማመልከቻ፣ አንድ ጊዜ መዝገብ ቤት ደርሳ የገቢ ቁጥር ከተጻፈባትና ኃላፊው በጠርዟ ላይ ከመሩባት በኋላ፣ እንደ ታቦት የከበረች፣ ጽፎ ያስገባት ባለቤቷ እንኳ ሊነካት የማይገባ መሆኗን ከሐረር ወጣቶች አብልጦ የተረዳ ሕዝብ በምድር ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ፣ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ፣ ማመልከቻውን ሰኞ አስገባ። ሐሙስ የፒችትሪ ሥልጠናውን ጨርሶ ሰርተፊኬት ተቀበለ፤ ቅዳሜ ደግሞ ስልኩ ጠፍቶ ቁጥሩ ተለወጠ። ሌላ ደፋር ቢሆን ኖሮ «በዚህ የገቢ ቁጥር ባስገባሁት ማመልከቻ ላይ ይህ ማስረጃና አዲሱ ስልክ ቁጥሬ ይያያዝልኝ» የምትል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ወስዶ ይሰጥ ነበር። እርሱም ደብዳቤዋን አልጻፋትም አይባልም፤ ጽፏታል፣ ፈርሞባታልም፤ ነገር ግን ፈሪሃ መሥሪያ ቤት ያደረበት ልጅ ነውና፣ ከማስገባቱ አስቀድሞ ጉባኤ መጥራት እንደሚገባ ዐወቀ።

ጉባኤውም ከሰዓት በኋላ በበርጫ ላይ፣ የአወዳይ ጫት መካከል ላይ ተቀምጦ፣ ቁጢው በፔርሙዝ ቀርቦ ተደረገ። የመሥሪያ ቤቱ ዝምታ ምሥጢሩ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ የመጻሕፍት መምህራን ቢሰሙት በሚቀኑበት ትርጓሜ እንዲህ ተብሎ ተተረጐመ፦ አንድም ኃላፊው ገና አላዩዋትም፤ አንድም አይተው ወደዋታል፣ ወረቀት ቢጨመርባቸው ይቀየማሉ፤ አንድም አይተው ጠልተዋታል፣ ቢያስታውሷቸው ይብሳሉ፤ አንድም ጸሐፊዋ ለቅሶ ሄዳለች። ጫቱ ሲያልቅ ውሳኔው ለማግስቱ ተቀጠረ፤ ማግስትም የራሱ ጫት አለው። ይህ ከተጀመረ እነሆ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

በመጨረሻ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። እኔም የከተማችንን ታሪክ ጠቀስሁለት። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1854/55) ከዘይላ ተነሥቶ፣ አሚር ኑር በግንብ ወዳጠሯት ወደዚህች ከተማ ሲመጣ፣ የሙስሊም ነጋዴ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን በየደረሰበት «ይህስ ቱርክ ነው» እየተባለ ቢጠረጠር፣ የለበሰውን ስም በመንገድ ጥሎ፣ ከዔደን የእንግሊዝ ሹም ለአሚሩ የተላከች የምትመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጽፎ፣ «እንግሊዝ ነኝ» ብሎ ከበሩ ቆመ። አሚር አሕመድም አስገቡት፤ ዐሥር ቀን ያህል ሰንብቶ አንገቱ እንደ ተተከለ ወጣ፣ በዓመቱም መጽሐፍ አሳተመ። «እንግዲህ ልጄ፣» አልሁት፣ «ያ ሰው ሐሰተኛ ደብዳቤ ይዞ በአሚር ፊት አልተንቀጠቀጠም፤ አንተ ግን እውነተኛ ሰርተፊኬት ይዘህ በጸሐፊ ፊት ትንቀጠቀጣለህ። በትሕትና ስንት እጅ ትበልጠዋለህ!» ልጁም ምስጋና መስሎት እጅ ነሣኝ።

በእርግጥ ሌላም ወገን አለ፤ ግማሽ ቀን ለተቀመጠበት ስብሰባ ሁሉ የምስክር ወረቀት እያወጣ በየማክሰኞው «ተጨማሪ» የሚያስገባ፣ ፋይሉ በሲባጎ ካልታሰረ የማይዘጋ። የእርሱን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው።

እሑድ ከመድኃኔ ዓለም ስንወጣ በአንድ መዝገብ ቤት የምትሠራ ወይዘሮ አግኝቼ፣ ከገባች ማመልከቻ በኋላ የማሟያ ደብዳቤ ሲመጣባት ምን እንደምታደርግ በብዙ ጥንቃቄ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝና «ከፊተኛዋ ጋር በስቴፕለር እመታዋለሁ» አለችኝ። ይህን ለልጁ አልነገርሁትም፤ ስንት ሊቃውንት የደከሙበትን በርጫ በአንድ ስቴፕለር ማፍረስ ግፍ መሰለኝ።

ደብዳቤዋ ዛሬም ከአራት ታጥፋ በደረት ኪሱ አለች፤ መሥሪያ ቤቱ ቢፈልገው የሚደውለው በጠፋው ቁጥር ነው። መዝገብ ቤቱ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው።