ያልወጣ ስልክ፣ የወጣ ገንዘብ

ጭሮ በሁለት ገበያ መካከል ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመርካቶን ዋጋ ይዞ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው የታይዋን ገበያን ወሬ ይዞ እዚህ ይገናኛሉ። ጳጉሜን ሲቃረብ ደግሞ ወሬው ሁሉ ወደ አንድ ጉዳይ ይሰበሰባል፤ ወደ አዲሱ ስልክ። አፕል አይፎኑን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። አይፎን 15ማ ይፋ የሆነው በ2016 እንቁጣጣሽ ዕለት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። በበርጫው፣ በባጃጅ ተራው፣ በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ በር ላይ የሚባለውን ስሰማ ከርሜአለሁ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ነውና፣ ለሰማሁት ሁሉ መልሴ ይኸው።

«አዲሱ አይፎን ገና ሳይወጣ ድሬዳዋ ታይዋን ገብቷል። በዓይኔ አይቻለሁ!»

አቦ፣ ያየኸው ካቨሩን ነው! አምራቹ ያላወጣውን ስልክ ታይዋን ከየት ያመጣዋል? ካቨር ሠሪዎች በሾለከ ልኬት ተመርተው ካቨሩን ከስልኩ ቀድመው ለገበያ ያቀርባሉ። ካቨሩ ደረሰ ማለት ስልኩ ደረሰ ማለት አይደለም። ሻጩ «ይኸው ስልኩ» ካለህ ደግሞ ተቀበለውና *#06# ብለህ ምታ። 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣልሃል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየው፤ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ካለው ጋርም አስተያየው። ሦስቱ ካልተስማሙ አንተም ከሻጩ ጋር አትስማማ።

«ስለዚህ የሾለከ ወሬ ሁሉ ውሸት ነው በለኛ!»

አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 አይፎን 4 ገና ሳይወጣ አንድ የአፕል መሐንዲስ ካሊፎርኒያ ውስጥ መጠጥ ቤት ረስቶት ወጣ። ስልኩ ጊዝሞዶ የተባለ የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ እጅ ገባና ፎቶው ዓለምን ዞረ። ያ ወሬ እውነት ነበር። አይፎን ቻርጀሩን ወደ ዩኤስቢ ሲ ይቀይራል የተባለውም በአይፎን 15 እውነት ሆኗል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ሕግ አውጥቶ አስገድዶታልና። እውነተኛ ወሬ ከሥሩ ዕቃ አለው፣ ሕግ አለው፣ የሚጠየቅ ሰው አለው። ያንተ ወሬ ከሥሩ ያለው «አሉ» ብቻ ነው።

«አሁን ቀብድ ካስያዝክ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይደርስሃል።»

ስልኩ ካልወጣ ገንዘቤ ለምን ይወጣል? ዋጋው ካልተቆረጠ ቀብዱ የስንት ሲሶ ነው? ያለ ደረሰኝ የሰጠሁትን የትኛው ዳኛ ያስመልስልኛል? እዚህ ላይ በለሆሳስ አልናገርም፤ ወሬ ሰው የሚጎዳው ቀብድ ሲሆን ነው። ነገሩ የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል። «ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የቀረው» ይባላል። ገንዘቡ በቴሌብር ይላካል። በማግስቱ ስልክ እሸጣለሁ ያለው ሰው ስልክ አያነሳም። የተማሪ ወጪ ነበር፣ የባጃጅ ገቢ ነበር፣ የእናት ዕቁብ ነበር፤ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ የሚል ሰው ቢያንስ ለላሚቱ ቀብድ አልከፈለም!

«አዲሱ ሲወጣ የድሮው ይረክሳል። እሱን ነው የምጠብቀው።»

አሜሪካ ይረክሳል። እዚህ ግን ዋጋውን የሚወስነው ሌላ ነው። አይፎን 15 ሲወጣ መነሻው 799 ዶላር ነበር። በዓመቱ የወጣው የአይፎን 16 መነሻም ሲወጣ ያው 799 ዶላር ነበር። በመካከሉ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በፊት በባንክ ተመን ዶላሩ 55 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ 799 ዶላር ወደ 44 ሺህ ብር ይሆናል። ዶላሩ 100 ብርን አልፎ ሄደ፤ በ100 ብቻ እንኳ ብታበዛው 79 ሺህ 900 ብር ነው። ይህ እንግዲህ ቀረጡ፣ የነጋዴው ትርፍና የመኪናው ኪራይ ሳይጨመር ነው። ስልኩ አንድ ዶላር አልጨመረም፤ ያንተ ወጪ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ የስልክ ዋጋ መተንበይ የሚፈልግ ሰው የካሜራውን ወሬ ትቶ የምንዛሪውን ሰሌዳ ይይ።

«የሚታጠፍ ስልክ ሲወጣ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ!»

መጀመሪያ የገዛ መጀመሪያ ይሞከርበታል። ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ተጣጣፊ ስልኩን እ.ኤ.አ. በ2019 በ1,980 ዶላር ሊሸጥ ቀን ቆርጦ ነበር። ለጋዜጠኞች የሰጣቸው ስልኮች ስክሪን በቀናት ውስጥ ተበላሸና ሽያጩን ከሚያዝያ ወደ መስከረም ገፋው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 ባትሪው እየተቃጠለ ስላስቸገረ በወጣ በሁለት ወሩ ምርቱ ቆመ። ሴኡልና ኒውዮርክ ያለ ገዢ የተበላሸበትን መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። አንተ መቻራ ሆነህ ለማን ትመልሳለህ? ማጠፊያው ሲሰበር መለዋወጫውን ጭሮ ውስጥ ማን እንደሚያመጣልህ መጀመሪያ ስሙን ንገረኝ።

«የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ ይልክልኛል። እኔ ምን አገባኝ?»

እግዜር ይስጣት፤ ግን ከመላኳ በፊት ሁለት ነገር ጠይቃት። አንደኛ፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚመረተው አይፎን የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ሲምህን ይዘህ ቀዳዳ ስትፈልግ እንዳይመሽብህ፣ አስቀድመህ ቴሌ ሄደህ ስለ ኢሲም ጠይቅ። ሁለተኛ፣ ስልኩ በየወሩ ክፍያ የተወሰደ ከሆነ ክፍያው እስኪያልቅ በዚያው አገር ኔትወርክ ተቆልፎ ሊቆይ ይችላል። የተቆለፈ ስልክ ስጦታ አይደለም፤ ለአንተ የማስከፈቻ ወጪ፣ ለእሷ ዕዳ ነው።

«5ጂ ነው አሉ!»

5ጂ ስልኩ ውስጥ ብቻ ሆኖ አይሠራም፤ ማማው ላይም መኖር አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ ለሙከራ የጀመረው በግንቦት 2014 ነው። ሳፋሪኮም ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ 23 ቀን 5ጂ ባይሆንም የመጀመሪያውን ኔትወርክ የከፈተው እዚሁ ጎረቤታችን ድሬዳዋ ነው። ነገሩ ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ ይምጣ። ስልክ ስትገዛ ግን የምትገዛው ለምትውልበት ቦታ ነው። በደሳ የምትውል ከሆነ በደሳ ያለው ማማ ምን እንደሚሰጥ የያዝከው ስልክ አናቱ ላይ ጽፎልሃል፤ አንብበው።

«አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለው። የምትለውን ሁሉ ይሰማል!»

በየትኛው ቋንቋ? የአፕሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ሲጀምር የሚሰማው የአሜሪካን እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ሂርና ገበያ ያለች እናትህ በአፋን ኦሮሞ ብታዘው ይታዘዛታል? አንተስ በአማርኛ ብትጠይቀው ይመልስልሃል? እኛ ከአዲስ ስልክ ልንጠብቅ የሚገባው ይህን ነው። ደግሞም ጠይቆ ያገኘ ገበያ ነን። ቴክኖንና አይቴልን የሚያመርተው ትራንሺን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ፤ ሁለት ሲም፣ ረጅም ባትሪና የአማርኛ ፊደል የሚፈልግ ገዢ መኖሩንም አይቷል። አምራች የሚሰማው ገዢ ሲናገር ነው። በሌላ አገር ሰው ምኞት ከተንጫጫን ግን የእኛን ፍላጎት ማን ይነግረዋል?

«ባትሪው ሦስት ቀን ይቆያል ይባላል።»

ሳይደወልበት፣ ዳታ ሳይከፈትበት፣ ቲክቶክ ሳይታይበት ከሆነ ያንተም ይቆያል። «ምን እየሠራ?» ብለህ ጠይቅ።

«ልጄ፣ ልጁ አዲሱ ስልክ ካልተገዛልኝ ብሎ አስቸገረኝ። ጫቱን አስቀድሜ ልሽጠው እንዴ?» ብለው ከገለምሶ የመጡ አባት ጠየቁኝ።

ኦቦ፣ ለእርስዎ መልሴ በአክብሮት ነው። ጫቱን ቅጠሉ ሲደርስ ይሽጡት እንጂ ስልክ ሲወራ አይሽጡት። እርሻ ላይ ያለ ጫት አስቀድሞ ሲሸጥ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው፤ እርስዎ አይደሉም። ልጁ ለትምህርቱ ስማርት ስልክ ያስፈልገዋል፤ እሱ እውነቱን ነው፤ አይከልክሉት። አሁን ሱቅ ውስጥ ካለው፣ ይዘውት አይተው፣ ዋስትናና ደረሰኝ ካለው ይግዙለት። ገና ያልተሠራውን ግን ልጁም ይጠብቅ። የእርስዎን ባለ ቁልፍ ስልክም አይናቁብኝ፤ ገዢው ደጅዎ ሳይደርስ የድሬዳዋን የዕለት ዋጋ የሚነግርዎ እሱ ነው።

«የያዝከውን አውጥተህ ጣለው፤ ጊዜው አልፎበታል!»

እስቲ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ስልክ ጠጋኝ ፊት ቁጭ በል። «ቻርጅ አልይዝ አለ፤ ሞቷል» የተባለ ስልክ ይመጣለታል። መነጽሩን ያደርጋል፣ መብራቱን ያቀርባል፣ በቀጭን መርፌ የቻርጁን ቀዳዳ ጫር ጫር ያደርጋል። የሚወጣው የኪስ ብናኝና የጫት ፍርፋሪ ነው። ጫፉን በአልኮል ይጠርግና ይሰካዋል፤ ስልኩ ይበራል። ባለቤቱ በዚያው ጠዋት ለአዲስ ስልክ ብድር ሊጠይቅ እየሄደ ነበር። አዲሱ ስልክ ይመጣል የሚለው ወሬ ትልቁ ጉዳቱ እዚህ ነው፤ የሚሠራውን ነገር በባለቤቱ ዓይን ያስንቀዋል። ሳይበላሽ የተናቀ ስልክ በርካሽ ይሸጣል፤ በርካሽ የገዛው ሰው ደግሞ ወሬውን ያስወራው ራሱ ሊሆን ይችላል።

«አንተ ምቀኛ ነህ። ሰው አዲስ ነገር እንዳይዝ ትፈልጋለህ።»

ምቀኛ እንዳትገዛ ይፈልጋል፤ እኔ እንዳትታለል ነው የምፈልገው። ለዓመት የለፋህበትን ብር አንድ የማያውቅህ ሰው በአንድ ፎቶ ሲወስድብህ ዝም ብዬ ባይ ያኔ ነው ምቀኛ የምባለው።

«ታዲያ መቼ ልግዛ?»

አምራቹ በራሱ አፍ ከተናገረ፣ ዋጋው ሱቅ ላይ ከተለጠፈ፣ በእጅህ ይዘህ ቁጥሩን ካስተያየህ፣ የራስህን ሲም ከትተህ እናትህ ጋ ደውለህ ድምፅህን ከሰማች፣ ደረሰኝም ከተቆረጠልህ በኋላ። ያን ጊዜ በደስታ ግዛ፤ እኔም እንኳን ደስ አለህ እላለሁ። ከዚያ በፊት የምትጠየቀው ብር የስልኩ ዋጋ አይደለም፤ የወሬው ዋጋ ነው። ወሬ ደግሞ ከሚኤሶ እስከ ሂርና በነፃ ነው፤ አትክፈልበት!