ወባ ልመረመር ሄጄ

ጁባ፣ ካስተም ገበያ የሚውል ሰው ዓይኑ ቢቀላ ማን ይገረማል? በበጋ ከቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ጎማ ሥር የሚነሣው አቧራ ሱቁን ሁሉ ያለብሰዋል። ግራ ዓይኔ ሲቀላ እኔም አቧራ ነው አልኩ። አጠገቤ ምግብ ቤት ያላት የጎንደር ልጅ ጠጋ ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ይኼ ዓይነ ማዝ ነው፤ ሻይ ቅጠል አቀዝቅዘው ያድርጉበት» አለችኝ። አደረግሁ። ቴትራሳይክሊን ቅባትም ገዛሁ። ከአንዱ መድኃኒት ቤት ደግሞ የዴክሳሜታሶን ጠብታ ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን መቅላቱ ጠፋ፤ ጠብታውን ባቆምኩ በሳምንቱ ተመለሰ። ይህ ጠብታ ብግነቱን ያበርዳል እንጂ መነሻውን አይነቅልም፤ ያለ ሐኪም ሲዘወተርም የዓይን ግፊት ይጨምራል። ያኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ዓይነ ማዝ ዓይንን ያጣብቃል። የእኔ ግን ደረቅ ነበር፤ ውስጥ ውስጡን ያመኛል፣ ብርሃን ይወጋኛል። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፤ የጁባ ሙቀት ነው አልኩ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ሁለት ጉርሻ ሳልጨርስ ግራ ጎኔ ይሞላል። አንዱንም ከዓይኔ ጋር አላገናኘሁትም።

ትኩሳት ሲጨመርበት ወባ ልመረመር ሄድኩ። የላቦራቶሪው ሰው ጣቴን ወግቶ ደሙን መስታወት ላይ ለጠጠ፤ ቀለም ነከረው፤ አቀርቅሮ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ታል ሹፍ» አለኝ፤ ና እይ ማለቱ ነው። በደህናው ዓይኔ አየሁ። ፈዛዛ ሮዝ መደብ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ እንደ ፈሰሰ ኑግ ተፋፍጓል። ወባ የለህም፣ እነዚህ ግን ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፣ መታየት የነበረባቸው አንድ ሁለት ብቻ ነው አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ «ወባ የለም» ብሎ ወረቀቱን ቢሰጠኝ ማንም አይወቅሰውም ነበር።

አዲስ አበባ ሄጄ ሙሉ የደም ቆጠራ ተሠራልኝ። በአንድ ማይክሮሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 መሆን የነበረበት ነጭ ሴል ከ200,000 አልፏል። ሥር የሰደደ ማይሎይድ የደም ካንሰር ነው፤ ምልክቱም እ.ኤ.አ. በ1960 የተገኘው፣ ፊላደልፊያ የሚባለው የክሮሞዞም ለውጥ። ሐኪሟ የዓይኔን ነገር ስጠይቃት፣ «ደምዎ በሴል ሲወፍር በዓይን ቀጫጭን ሥሮች ይጨናነቃል፣ ይደማል። አልፎ አልፎ የካንሰሩ ሴሎች ራሳቸው ዓይን ውስጥ ገብተው ብግነት ይመስላሉ» አለችኝ። የአብዛኛው የቀላ ዓይን መነሻ ይህ አይደለም። እየዳነ የሚመለስ፣ ከክሳትና ከሌሊት ላብ ጋር የመጣ ዓይን ግን የደም ቆጠራ ያስፈልገዋል፤ ለካስተም ልጆች ይህንኑ ስናገር እውላለሁ።

የታዘዘልኝ መድኃኒት ኢማቲኒብ ነው፤ በቀን 400 ሚሊግራም፣ ከምግብ በኋላ። መድኃኒቱ የዓይን ቆብ ያሳብጣል፤ ጠዋት ዓይኔ አብጦ ሲያዩ ደንግጠው የሚጠይቁኝ አሉ።

ካስተም ስመለስ ለላቦራቶሪው ሰው አንድ ኪሎ ቡና ይዤለት ሄድኩ። ሳልጠይቀው ጣቴን ወጋ። ይህን ጊዜ ሐምራዊዋን ነጠብጣብ መስታወቱን እያንቀሳቀስኩ ፈልጌ አገኘኋት፤ በግራ ዓይኔ።