የጎመን ምንቸት

«ጎመን በጤና» ብሎ የተረተው ሰው በእድሜው እንግድነት ሄዶ አያውቅም። ሄዶ ቢሆን ኖሮ ጎመኑን እንደማያገኘው፣ ጤናውንም ይዞ እንደማይመለስ ያውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና ላይ ደሜን የለካው ወጣት ባለሙያ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ቁጥሩን አየና «ጋሼ፣ ጨው ይቀንሱ፤ ቅቤውም ይቅለል፤ ጎመን ይብሉ» አለኝ። ጓሮ የሚበቅል መድኃኒት ታዘዘልኝ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ። በሳምንቱ ሞጣ፣ እታለም ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ እስክንገባ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ የማስበው የእህቴን ጓሮ ነበር። የእታለም ጎመን አንዱ ቅጠል ለሕፃን ነጠላ ይበቃል።

ገና መደቡ ላይ ሳልደላደል ጉዳዬን አስቀደምኩ።

«እታለም፣ ዛሬ የምበላው ጎመን ነው። ሐኪም አዞኛል።»

«እኔን ይድፋኝ! ሰው ምን ይለኛል? ወንድሟ ከቢቸና ድረስ መጥቶላት ቅጠል አበላችው ልባል?»

ልብ በሉ፣ ሐኪም ሲባል አልደነገጠችም። የደነገጠችው ጎመን ሲባል ነው። ዶሮዋም ለካ እኔ ገና መንገድ ላይ እያለሁ ታርዳለች። ወጡ ቅቤው ተንሳፍፎ፣ እንቁላሉ ተደርድሮ ቀረበ። «አንዲት ጉርሻ፣ በሞቴ» ተባልኩ፤ አንዲቷም ሦስት ወለደች። «ጠገብኩ» ስል «ምን በላህና!» ሆነ መልሱ። በመጨረሻ እታለም የዶሮ እግር በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ እያስጠጋች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ምን ቤት ያፈራው አለ ብለህ ነው ወንድምዓለም፤ ያው ጎመን በጤና ነው።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ይህች ተረት እንቅልፍ ነስታኛለች። ሁላችንም አፋችን ላይ አለች፣ ገበታችን ላይ ግን የለችም። ለመሆኑ ጎመን ምን በድሎን ነው? ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት፣ እሸት እስኪደርስ ድረስ ስንቱን ቤት ያሻገረው እሱ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን ውለታውን የምንከፍለው «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» ብለን ነው። አትክልትን በአዋጅ ከቤት የሚያባርር ሌላ ሕዝብ ካለ ንገሩኝ። ቁንጫ ቢሆን ይገባኛል፤ አይጥም ቢሆን ይሁን። ያለ ክስ፣ ያለ ምስክር፣ በዓመቱ በዓመቱ የሚባረረው ግን ጎመን ነው። የሚገርመው ደግሞ ምንቸቱ ነው። እናቴ ቤት ለእሳት የሚሆን ምንቸት አንድ ብቻ ነበር። «ውጣ» ተብሎ የወጣው በር ላይ በአመድ ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ «ግባ» ተብሎ በዚያው በር ይመለሳል። እኛ ልጆቹም እውነተኛ ሹም ሽር የተደረገ እየመሰለን እንጨፍራለን።

የተባረረው ጎመንስ የት ደረሰ? አትሳቁና፣ ሰማይ። ይኸ የሐበሻ ጎመን የምንለው፣ ዘሩን ጎመንዘር የምንለው፣ ሊቃውንቱ ብራሲካ ካሪናታ ይሉታል፤ አገሩም ይኸው የእኛ ደጋ ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ካናዳ፣ ኦታዋ ላይ አንድ ጀት ምንም ነዳጅ ሳይደባለቅበት ከዚህ ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ካንታስ የተባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ ከነዳጁ አሥር ከመቶውን ከዚሁ ዘር በተሠራው ቀላቅሎ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ገባ። ጎመን ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻገረ ማለት ነው። ከእታለም ጓሮ እስከ እታለም ገበታ ያለውን ሃያ እርምጃ ግን መሻገር አቃተው። እኛ ጎመንዘርን የምናውቀው ምጣድ ስናስስበት ነው፤ እንጀራው እንዳይዝ። ስሙ የሚነሣው ለሌላው ማንሸራተቻ ሲሆን ብቻ ነው።

ጾም ሲገባ ትንሽ ይሾማል፣ እውነት ነው። በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን በላይ ለሚጾም ሰው ጎመን ሳይፈልግም ይደርሰዋል። ያኔም ቢሆን መሀሉ የሽሮ ነው፤ ጎመን ዳር ላይ፣ እንደ ዘግይቶ የመጣ ታዳሚ፣ ቁጢጥ ይላል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ሃምሳ አምስቱን ቀን በአንድ ጠዋት እንበቀለዋለን።

አንድ ነገር ግን ከእታለም ገበታ ላይ አብሮኝ ቢቸና ድረስ መጥቷል፤ እሱ አያስቀኝም። እኔ ሁለተኛውን እንቁላል ስፈነክት፣ የእታለም የልጅ ልጅ የበሩን መቃን ተደግፋ እጄን ታይ ነበር። አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ትመስላለች። ጠርቼ ግማሹን ላጎርሳት ስል «ተዋት ባክህ፣ እሷ ምን ቸገራት፣ ነገም አለች» አለችኝ እታለም። ነገ! ሐኪም እንቁላሉን ይቀነስለት ሊል ምንም ያልቀረው ሽማግሌ ሁለት ይበላል፣ አጥንቷ የሚሠራባት ልጅ ነገን ትጠብቃለች። ቢቸና ማለት ጤፍ ነው፣ ሞጣም እህል አታጣም፤ አዲስ አበባን የምናጎርስ እኛ ነን እያልን በየጠላ ቤቱ ደረታችንን እንነፋለን። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ግን በክልላችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው የቀነጨሩ ናቸው አለ። ከክልሎች ሁሉ የባሰው ያ ነበር። ጎተራ ሞልቶ ልጅ ይቀነጭራል? ይቀነጭራል! የዶሮዋ እንቁላል በገለባ ተሸፍኖ ገበያ ይወርዳል፣ በምትኩ ብስኩት ይመጣል። የቀረው ለእንግዳ ነው፣ የተረፈው ለአባወራው። የቤቱ ልጅ እንቁላል የምትቀምሰው የታመመች እንደሆነ ነው። ይኸን ያደረገው ድርቅ አይደለም፤ እኔ ነኝ፣ በዚያ ገበታ ላይ «እሺ» ብዬ የተቀመጥኩት።

እንቁላሉን በግድ አጎረስኳት። እታለም አኮረፈች።

እታለም ክፉ ሆና አይደለም። እናታችን እንግዳ ሲመጣ እኛን ወደ ጓሮ ልካ፣ ማጀቷ ያለውን ሁሉ አውጥታ ስታቀርብ አይተን አድገናል። እንግዳ የእግዜር ነው ተብለናል፤ ልጅ የማን እንደሆነ የነገረን የለም። ምን እንብላ ለሚለው ግን ነጋሪ አልጠፋም፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አይጓደል። እታለም ግን ጨው የምትሰፍረው በመዳፏ ነው። «በሞቴ» ለምትል እህት ምን ተብሎ እንደሚመለስም የሚያስተምር ምዕራፍ ያስፈልገናል። እኔ «በሞትሽማ እየበላሁ ነው የምሞተው» ብዬ ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ጉርሻ ጨመረችልኝ።

ስመለስ ኩርፊያዋ በርዶ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ከመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን እፍኝ የማይሞላ ጎመንዘር ፈታችና እጄ ላይ አደረገችልኝ። ለዘር መስሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ለባለቤትህ ስጣት፣ ምጣድ ታስስበት» አለችኝ።

ቢቸና ገብቼ ግማሹን ደብቄ ለዘር አስቀመጥኩ፤ ዝናቡ እስኪጥል ብዬ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ እንጀራው ምጣድ ያዘባት። አሁን የቀረችው አንድ ቁንጥር ናት። ቢቸና ያላችሁ፣ ጓሮ ያላችሁ፣ ሳታስስበት ኑና ውሰዷት።